ሚስት የባሏ ልጅ አይደለችም

ማክሰኞ፣ የካቲት 10። ከጠዋቱ 4 ሰዓት።

ግፊት ደህና። ክኒን ተውጧል። አጃው ቀጥኗል፤ ምራቴ አልማዝ ከመጦሪያ ቤት የሌሊት ሥራዋ ስትመለስ በጥድፊያ ነው የምትሠራው። ጨርሼ በላሁት።

ክሊኒክ ደርሼ መጣሁ። ልጅቷ ወረቀት ይዛ ብቅ አለች፤ «ሚስስ ተሰማ» አለች። ዝም። ደገመች። ዝም። መጠበቂያው ውስጥ ያለነው እኔና እግሩ የተጠቀለለ አንድ ሰውዬ ነን፤ እሱ ሚስስ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ልጄ ዳንኤል ክርኔን ነካ አደረገኝ።

«እማዬ፣ አንቺን እኮ ነው።»

እኔን አይደለም። ተሰማ ባሌ ነበር፤ ነፍሱን ይማር። የእኔ አባት በላቸው ነው። እንደገና ስትጠራ ተነሣሁና ስሜን በሙሉ፣ ቀስ ብዬ ነገርኳት። ጥሩነሽ በላቸው። ካርዴም ላይ ያለው ይኸው ነው። ቀጠሮውን በስልክ የያዘው ዳንኤል ኖሯል፤ ላስት ኔም ሲጠይቁት ለመገላገል የራሱን ሰጠ። የእሱ ነገር እንዲህ ነው። ለመገላገል ሁልጊዜ የራሱን ይሰጣል።

መኪና እስክንደርስ አላናገርኩትም። መኪና ውስጥም አላናገርኩትም።

ያው ዕለት። 12 ሰዓት ሊሆን ሲል።

ሶስና መጣች። የዳንኤል ብቸኛ ልጅ፣ የእኔ ብቸኛ የልጅ ልጅ። እዚሁ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ተወልዳ ያደገች፤ ኢስተን አካባቢ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ሁለታችንም አንሸነፍም።

በሰኔ ልታገባ ነው። ልጁ ኢታን ይባላል። አልጠላውም። በር ላይ ሳይነገረው ጫማውን ያወልቃል። ሰው ሲያወራ ስልኩን አይነካም።

ዛሬ ከኢታን አባት ስጦታ ይዛ ነው የመጣችው። ሚስተር ሮጀር ዌዘርፎልድ ይባላል፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ጡረታ የወጣ አናጺ፤ ከከተማው ወደ ደቡብ ወጣ ብሎ ብቻውን ይኖራል። ስጦታው በገዛ እጁ የሠራው የእንጨት ፍሬም ነው። ማዕዘኖቹን አየሁ፤ ክፍተት የላቸውም። በፍሬሙ ውስጥ የጋሻ ሥዕል። በጋሻው ላይ ሦስት የበግ ራስ። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል፣ ዌዘርፎልድ። በጀርባው ከኢንተርኔት የወጣ ወረቀት ተለጥፏል። መነጽሬን አድርጌ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። የስሙ መነሻ በሰሜን እንግሊዝ ያለ መንደር ነው ይላል። ትርጉሙ የመንጋ ጠባቂ ነው ይላል። ጥንታዊ ነው፣ የተከበረ ነው፣ በዓለም ላይ የቀሩት ባለቤቶቹ በጣም ጥቂት ናቸው ይላል።

ጥቂት መሆን ምኑ እንደሚያኮራ ወረቀቱ አይናገርም።

አልማዝ ሳሎን ግድግዳ ላይ ቦታ መፈለግ ጀመረች። ሶስና ያን ጊዜ ዋናውን ነገር አወጣችው። ሚስተር ሮጀር ወንድም የለውም። ኢታንም የለውም። ስሙ በእነሱ ሊያልቅ ነው። ሰውዬው ስሙን እንድትወስድ ጠይቋታል፤ እሺ ብላዋለች። ከሠርጉ በኋላ ሶስና ዌዘርፎልድ ልትባል ነው።

አልማዝ እልል ልትል አፏን ከፈተች፣ እኔን አየች፣ ዘጋችው። ዳንኤል ሻዩን ያማስላል። ስኳር አልጨመረበትም።

እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁ። «ሶስና ዌዘርፎልድ ማለት የዌዘርፎልድ ልጅ ሶስና ማለት ነው። ሰውዬው አማትሽ ነው ወይስ አባትሽ?»

«እማማ፣ ኢትስ ጀስት አ ላስት ኔም።»

ጀስት። ይህን ቃል አልወደውም። ሰዎች አንድን ነገር አሽቀንጥረው ሊጥሉ ሲሉ ነው የሚሉት።

ረቡዕ፣ የካቲት 11። ማለዳ።

እጄ ደህና ነው፣ ጽሕፈቴ ቀጥ ብሏል። ብስጭት እንጂ ሕመም የለብኝም።

ስሚኝ አንቺ ደብተር። ይህን ከዚህ በፊት አልጻፍኩልሽም። አዳሪ ት/ቤት ሳለን ርእሰ መምህርታችን እንግሊዛዊት ነበረች። ሚስ እንላታለን፤ ስሟን መጥራት አይፈቀድም። እሷ ግን ስም ስትጠራ እንደ አገሯ በአባት ስም ነው። «በላቸው» ትላለች። ክፍሉ በሳቅ ይፈነዳል። ከዚያ ሁሉ ጉንጉን ጸጉር መሀል አንድ ሪዛም ገበሬ ተነሥቶ እንዲቆም የተጠራ ነው የሚመስለው። አልተነሣሁም። ሚስ፣ አባቴ እዚህ የለም፣ እኔ ጥሩነሽ ነኝ አልኳት። ጠጠር ላይ አንበረከከችኝ። በማግስቱ ጠራችኝ፤ በማግስቱም ተንበረከክሁ። በመጨረሻ የደከማት እሷ ናት። ጥሩነሽ አለች። አጠራሯ ጠማማ ነበር። ተነሣሁ።

ሚስን አልጠላትም። አንሶላ ማንጠፍን፣ ሥርዓተ ነጥብን፣ የጀመሩትን እስከ ጫፉ መጨረስን ያስተማረችኝ እሷ ናት። በስሜ ግን አላሸነፈችኝም።

ተሰማን ሳገባ ጥሩነሽ በላቸው ነበርኩ። ዳንኤልን ስወልድም። ተሰማን ስቀብርም። ተሰማ ራሱ አንድ ቀን ስሜን ውሰጂ አላለኝም፤ ቢለኝ ኖሮ ጤንነቱን እጠራጠር ነበር። ሚስት የባሏ ልጅ አይደለችም።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ላስት ኔም የሚያወጣ መልአክ አልሰማሁም።

ዓርብ፣ የካቲት 13። ከሰዓት በኋላ።

ላይብረሪ ሄድኩ፤ እዚሁ ሰፈራችን ሬይኖልድስበርግ ያለው። አልማዝ አደረሰችኝ፣ መኪናው ውስጥ ተኛች።

የኢንተርኔት ወረቀት አላምንም። ለሚሸጥ ስም ማን መጥፎ ትርጉም ይሰጠዋል? ላይብረሪ ውስጥ የምትሠራዋ ሴት የቤተሰብ ስሞች መዝገበ ቃላት አወጣችልኝ፤ ወፍራም ነው፣ ለሁለት ነው ጠረጴዛ ላይ ያደረስነው። ዌዘርፎልድ እንዳለ የለም። በጣም ብርቅ ይሆናል አለችኝ። ከፋፍለን ፈለግነው። ፎልድ፦ የበግ በረት። ዌዘር፦ ሙክት።

ሙክት። የተኮላሸ በግ። ሚስ የእርሻ ትምህርት ስታስተምረን ቃሉን ሰምቼዋለሁ፤ ረስቼው ኖሯል። የመንጋ ጠባቂ የለም። የሙክት በረት ነው። ያ ጋሻ፣ ያ ጥንታዊነት፣ ያ ክብር፤ የሙክት በረት።

ላይብረሪ ውስጥ መሳቅ ክልክል መሆኑን አውቃለሁ። ሳቅሁ።

አልማዝን ቀስቅሼ ነገርኳት። መሪውን ይዛ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ድንግጥ አለች፤ እትዬ ለሶስና እንዳይነግሩብኝ አለችኝ። ለሶስና አልነግራትም። ለባለቤቱ ነው የምነግረው። ፊት ለፊት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14። ከምሳ በኋላ።

ሕግ አወጣሁ። ቀለበት ስለገባ ብቻ ልጅ አይሰጥም። ሽማግሌ ይላክ።

ዳንኤል ግንባሩን አሸ። ሮጀር ብቻውን ነው፣ ማንን ይልካል አለኝ። ራሱ ይምጣ አልኩ፤ ከቤ/ክ ጋሼ በቀለ ያጅቡት። ጋሼ በቀለ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሃና ሰፈር ስንቱን ጋብቻ የጨረሱ። ቋንቋውንም ሥርዓቱንም ያውቃሉ። ሰባት ቤትም ይቆጠራል አልኩ። ዳንኤል ሳቀ፤ ከእንግሊዝ ጋር ዘመድ እንዳንሆን ነው አለኝ። አዎን አልኩት። ሥርዓት የሚጠበቀው ሲያስፈልግ ብቻ ከሆነ ሥርዓት አይባልም።

ሶስና በስልክ ሰማች። ደስ አላት። «ሶ ኪዩት» አለች። ለቡችላ የሚባለው ነው። አለፍኩት።

እሑድ፣ የካቲት 22። 11 ሰዓት።

መጥተው ሄዱ።

ተሰማ ቢኖር የሚቀመጥበት ወንበር ላይ እኔ ተቀመጥኩ። መሀል። አልማዝ የሴት ነገር አይደለም ብላ በዓይኗ ነገረችኝ፤ በዓይኔ መለስኩላት። ዳንኤል ሊያስተናግድ ወደ ጓዳ ገባ። ሶስናና ኢታን ጥግ ላይ።

ሚስተር ሮጀር ረጅም ነው፣ ጎበጥ ይላል። ሱፉ አሮጌ፣ የተተኮሰ። ራሱ እንደተኮሰው አወቅሁ፤ እጅጌው ላይ ሁለት መስመር አለ። ወንበሩን አየ፣ እኔን አየ። ተቀመጥ አላልኩትም። ጉዳይ ሳይነገር መቀመጥ የለም። ጋሼ በቀለ ቆመው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። ጥሩ ተናገሩ፤ ትንሽ አስረዘሙት። ከዚያ ተቀመጡ አልኳቸው።

ሰባት ቤት ተጠየቀ። ሚስተር ሮጀር በጣቱ ቆጠረ። ኢታን፣ ሮጀር፣ ዋልተር፣ ሌላ ሮጀር። አለቀበት። ከዚያ ስለ መንደሩ ጀመረ፤ መንደሩ ሰሜን እንግሊዝ ነው፣ ስሙ ከጥንት ነው፣ ስሙን የያዘ ሰው በኦሃዮ ሌላ አያውቅም። በረቱን ያውቃል፣ በጎቹን አያውቅም። ይህን በልቤ ነው ያልኩት።

ሶስናን ነይ ቁጠሪ አልኳት፣ እንዲያይ። በልጅነቷ ያስጠናኋት ነው። ቆመች፣ እጇን ወደ ኋላ አጣመረች። ተሰማ፣ ወልዴ፣ ቦጋለ። እዚያ ተሰናከለች። «እንግዳ» ብዬ አራተኛውን ስም አቀበልኳት። ጨረሰች። ጋሼ በቀለ አጨበጨቡ። ዳንኤል የለስላሳ ትሪ ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ እስክትጨርስ ጠበቀ፣ ከዚያ አደለ።

በመጨረሻ መልስ ሰጠሁ። «ሰምተናል። ተመካክረን መልሱን የዛሬ ሁለት ሳምንት።» ጋሼ በቀለ እጅ ነሡ። በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል ቤት ልጁን የጠላ ቤት ነው። ሚስተር ሮጀር ኮፍያውን በእጁ ሁለት ጊዜ አዟዟረው፣ አመሰገነኝ፣ ወጣ።

የሙክቱን ነገር አላነሣሁም። ለሁለተኛው ቀን አስቀምጬዋለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 25። ምሽት፣ ከእራት በፊት።

ጉድ ሆነ።

ሶስና ከሥራ ቀጥታ መጣች፣ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች። ሚስተር ሮጀር ተከልክለናል ብሎ ለልጁ ነግሮታል። አምስተኛውን አያቴን ስላላወቅሁ ነው ብሎ። ልጁም ከቤተሰብሽ አላጣላሽም ብሏታል፤ የሠርጉን አዳራሽ ሊሰርዝ ነው።

ሁለት ሳምንት ጠብቁ ማለት እንቢ ማለት እንዳልሆነ የነገረው ሰው የለም። ዳንኤል ሶስና ነግራዋለች ብሎ። ሶስና ጋሼ በቀለ ነግረውታል ብላ። ጋሼ በቀለ ደግሞ ይህን የማያውቅ ሰው በዓለም ላይ ያለ አልመሰላቸውም።

ቀጠሮ እንጂ ክልከላ አይደለም አልኩ። ዳንኤል እዚያው ኮል አደረገው። ሰውዬው፣ ታዲያ ያኔ ምን ብዬ መመለስ ነበረብኝ ብሎ ጠየቀ። ምንም አለው ዳንኤል። ቀኑን መጠበቅ ብቻ እንደነበረበት ነገረው።

ነገሩ የበረደ መሰለኝ። ሶስና ግን አልተቀመጠችም። ሰባት ቤት ያስቆጠርሽው ስሙን ልታሳንሺበት ነው አለችኝ። አልካድኩም። አያትሽን ተሰማን በማያውቁት በረት ትለውጪዋለሽ አልኳት። (በረት ማለቴን አላስተዋለችም።) ተሰማ ለዚህ ቤት ምን እንደነበረ ዘረዘርኩ። ስሙን ጥለሽ የምትሄጂ ከሆነ በእኔ ፊት አትጣዪው አልኩ።

ያን ጊዜ በአማርኛ መለሰችልኝ። ለእኔ በአማርኛ ስትመልስ ከሰማሁ ቆይቷል። ቀስ ብላ፣ ቃል እየመረጠች።

«በአንቺ ሕግ ከሆነማ እኔ ሶስና ዳንኤል ነኝ። ተሰማ የፓፓ አባት ነው። እሑድ ስቆጥር አባቴን ዘልዬ ነው የጀመርኩት። ማንም አላረመኝም። አንቺ እንኳን። ተሰማ ላስት ኔም ነው፣ እማማ። ለላስት ኔም ነው የምትጣዪኝ።»

ዳንኤል ቁልፉን አንሥቶ ወጣ። መኪናውን አላስነሣም። በመስኮት ይታየኛል። ተቀምጧል።

እራት አልቀረበም።

ሐሙስ፣ የካቲት 26። ጠዋት።

ትክክል ናት።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ብዕሩን አስቀመጥኩ፤ መልሼ አነሣሁት።

የሆነው እንዲህ ነው። ሶስና ስትወለድ ሆስፒታሉ ላስት ኔም ጠየቀ። ዳንኤል የራሱን ላስት ኔም ተናገረ። የእሱ ላስት ኔም አባቱ ነው። ልጅቷ የአያቷ ልጅ ሆነች፣ እሱ ከመሀል ወጣ። ት/ቤት ሲጠሩት ሚስተር ተሰማ። ባንክ ሚስተር ተሰማ። ከኤርፖርት ወደ ሆቴል የሚያመላልሳቸው መንገደኞች ደረቱ ላይ ያለውን ባጅ አይተው ሚስተር ተሰማ። ልጁን በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገ እሱ፤ በልጁ ላይ የተጻፈው ሌላ። አንድ ቀን አላጉረመረመም። እኔ ክሊኒክ ውስጥ በአንድ ጥሪ አገር ይያዝልኝ አልኩ።

እሑድ ዕለት አራተኛው ስም ላይ ረዳኋት። የመጀመሪያው መጉደሉን አላየሁም። የልጅ ልጄ አየች።

ታዲያስ? ዌዘርፎልድን ልቀበል ነው? አልቀበልም። የእኔ ምክንያት ስለወደቀ የእነሱ አይቆምም። በተሰማ ስም መከራከር አቆማለሁ። መከራከር አላቆምም።

ዳንኤል ጠዋት ሻይ አምጥቶልኝ ደህና አደርሽ አለኝ። እንደ ወትሮው። ደህና አደርክ ዳንኤል አልኩት። ስሙን ስጠራው ቀና ብሎ አየኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 28። ከሰዓት በኋላ፣ ከመንገድ መልስ።

ሚስተር ሮጀር ቤት ሄድኩ። አዎን፣ እኔ። ከሴቷ ወገን ወደ ወንዱ ቤት አይኬድም፤ ነውር ነው። ሥርዓት አታውቂም የሚለኝ ካለ ይምጣ። ያልተነገረው ሰው ሦስት ቀን ተከፍቶ ተቀምጧል፤ እሱ የባሰ ነውር ነው። ዳንኤል ነዳ። ፍሬሙን ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ።

የሰውዬው ቤት ንጹሕ ነው። አንድ ሲኒ፣ አንድ ሳህን ታጥቦ ተደፍቷል። ሻይ ሊያፈላ ሲል ተቀመጥ አልኩት፤ ተቀመጠ። ፍሬሙን አዙሬ ወረቀቱን አሳየሁት፤ ስህተት ነው አልኩ። ዌዘር ሙክት ነው፣ ፎልድ በረት ነው፣ ስምህ የሙክት በረት ነው። ሚስ ባስተማረችኝ እንግሊዝኛ፣ ቃል ሳልውጥ።

ሊሸማቀቅ ጠበቅሁ። ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ። ያውቀዋል። ልጅ ሳለ አባቱ ዋልተር ነግሮታል፤ የእኛ ሰዎች በግ አልነበራቸውም፣ የሰው ሙክት ጠባቂ ነበሩ፣ እንዳትኮራ ብሎታል። ወረቀቱን ከኢንተርኔት ያወጣው ኢታን ነው፣ ለአባቱ የልደት ስጦታ። ልጄ ደስ ብሎት ሲያነብልኝ እንዴት ላርመው አለኝ።

መሣሪያዬ እጄ ላይ ቀረ። ስንት ቀን የሳልኩት።

ታዲያ ትርጉሙን እያወቅህ ሶስናን ለምን ጠየቅሃት አልኩት። ኮፍያው እጁ ላይ ባይኖርም እንዳለ ጣቶቹን አዟዟረ። ሚስቱ ወላጅ አልባ ነበረች። ሲያገባት አባቱ ዋልተር በሩን ከፍቶ ከዛሬ ጀምሮ ዌዘርፎልድ ነሽ አላት፤ በሩ ላይ አለቀሰች። ሚስተር ሮጀር አንዲትን ልጅ እቤት ማስገባት በዚህ እንደሆነ ነው የሚያውቀው።

«ልጃችን ነሽ ማለቴ ነበር» አለኝ።

መለስኩለት።

«እንግዲያው ልጄ በላት። በእኛ ዘንድ ያ ይበቃል። ሶስና ግን ወላጅ አላጣችም፤ አባቷ ይኸው ቆሟል። የሚወለደው ልጅ በአባቱ ይጠራል፤ በእናንተም ሕግ፣ በእኛም ሕግ። ስምህ በኢታን ይቀጥላል። የእሷ ስም መለወጥ ለምን አስፈለገህ?»

አሰበ። ዳንኤልን አየው፤ ዳንኤል በሩ አጠገብ መሬት መሬት ያያል። ሚስተር ሮጀር ተነሣና ለዳንኤል ወንበር ሳበለት።

ከዚያ ቃሉን አስተምሪኝ አለኝ። ልጄ። ሊጂ አለ። አረምኩት። ሌጄ አለ። አረምኩት። ጠጠር አላስፈለገም፤ ሊቀና ሲል ተውኩት።

ወረቀቱን በእጅሽ አስተካክለሽ ጻፊልኝ አለኝ። ጻፍኩ። በጥሩ ጽሕፈት። የሙክት በረት፤ የሰው በግ የጠበቁ ሰዎች ስም። ይህኛው ያኮራል አለ። ይህኛው እውነት ነው አልኩት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 1። ከሰዓት በኋላ።

ሶስና መጣች፣ አጠገቤ ቁጭ አለች። ሚስተር ሮጀር ደውሎላታል፤ ስሙን አልጠይቅሽም ብሏታል፤ ከዚያ አንድ ቃል ብሏታል፣ መጀመሪያ አልገባትም፣ ሲገባት መድኃኒት ቤቱ መጋዘን ገብታ አለቀሰች። አጠራሩ እንዴት ነበር አልኳት። መጥፎ አለች።

እኔ አሸንፌያለሁ ብዬ ተደላደልኩ። አልጨረሰችም ነበር።

ዌዘርፎልድ አልሆንም አለች። ተሰማም አልሆንም አለች። በአንቺ ሕግ እንደሚቆጠረው ልሁን፤ ፍርድ ቤት ሄጄ ሶስና ዳንኤል እሆናለሁ፣ ከሠርጉ በፊት። ካልፈቀድሽ ግን አላደርገውም፣ የአያቴ ስም ነው አለችኝ።

አልተቻኮልኩም። የተሰማን ፎቶ አየሁ። ከዳንኤል ቀጥሎ ስሙን የያዘች እሷ ብቻ ናት። ከእሷ ላይ ከወረደ ወደፊት የትም አይጻፍም። ሞቱን እንደገና የምፈርም መሰለኝ።

ግን ሕግ አወጣሁ ካልኩ ለእኔ ሲከብድ አልሽረውም። ተሰማ በዳንኤል ላይ ይቀመጣል። ቦታው ያ ነው። ዳንኤል በሶስና ላይ። አንዱ ሌላውን ሳይዘል።

እሺ አልኳት።

ለፓፓ ማን ይነግረዋል አለችኝ። አንቺ አልኩ። ሲቆጠር ይሰማው።

እሑድ፣ መጋቢት 6። 12 ሰዓት።

ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። ሚስተር ሮጀር ወንበሩን እያየ ቆመ፣ እስኪታዘዝ። ጉልበቱን ያመዋል፤ ቢሆንም ቆመ። ጋሼ በቀለ ዛሬ አሳጠሩት።

ሚስተር ሮጀር እጁን አወጣ፤ ልቁጠር አለ። ኢታን፣ ሮጀር፣ ዋልተር፣ ሮጀር፣ ቶማስ። ቶማስን ከአንዲት አሮጊት የአጎቱ ልጅ በስልክ አገኘው። ከዚያ ወዲያ የለም፤ እየፈለግሁ ነው አለ። አምስት ቤት። አለፈ።

ሶስና ተነሣች። እጇን ወደ ኋላ አጣመረች። ዳንኤል ትሪውን ይዞ በር ላይ።

«ዳንኤል» አለች። ቆመች። ደግማ «ዳንኤል» አለች፤ ከዚያ «ተሰማ፣ ወልዴ፣ ቦጋለ፣ እንግዳ» ብላ ሳትሰናከል ሰባቱን ጨረሰች።

ዳንኤል ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ጠረጴዛው አጠገቡ ነበር። ጠርሙሶቹ ተንኳኩ፤ አንዱም አልወደቀም። ጋሼ በቀለ ሊያጨበጭቡ እጃቸውን አንሥተው ተዉት።

መልሱን ሰጠሁ። ልጃችንን ሰጥተናችኋል፣ ስሟ ግን ከአባቷ ጋር ይቀራል አልኩ። ሚስተር ሮጀር ወደ ሶስና ዞረ፣ ልጄ አላት። ዛሬ ልክ ነበር። አልማዝ ከየካቲት 10 ጀምሮ አፏ ውስጥ ያቆየችውን እልልታ ለቀቀችው።

ጋሻው ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል። ሳሎን አይደለም። ኮሪደሩ ይበቃዋል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 9። ጠዋት።

ግፊት ትንሽ ከፍ ብሏል። ክኒን ተውጧል። አጃው ወፍሯል፤ አልማዝ ዛሬ የዕረፍት ቀኗ ነው።

ክሊኒኩ ደወለ። ስልኩን ዳንኤል አነሣ። ሚስስ ተሰማ አሉት መሰለኝ። አይደለም አላቸው። ጥሩነሽ በላቸው አላቸው፤ ፊደል በፊደል፣ ሁለት ጊዜ። እናቴ ናት፣ የበላቸው ልጅ ናት አላቸው። ቀጠሮው ነገ ነው ሲሉት ነገ አይመቸንም አለ።

ነገ ሶስና ፍርድ ቤት ትቀርባለች። እኔ እሄዳለሁ፤ ወስኛለሁ፤ ጥቁሩን ቀሚስ አስተኩሻለሁ። ዳኛው ለምን የሚል ከሆነ መልስ አለኝ።

ዳንኤል እኔ አልመጣም ብሏል። ሥራ አለብኝ፣ መንገደኛ ይጠብቀኛል፣ ምን ያደርጋል ሁላችንም መሄዳችን ብሏል።

አሁን ጓሮ በር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ቀለም እየቀባ ነው። የሥራውን አይደለም። የሠርጉን።